ከጥጉ በርሜል የተላከ ስንዴ

መስከረም 3፣ ከመዝገቤ

ከመጋዘኑ የሚወጣ ነገር ሁሉ በዚህ መዝገብ ይጻፋል። አባቴ «ሳይጻፍ የወጣ ጆንያ የተሰረቀ ጆንያ ነው» ይል ነበር። እኔ ደብዳቤንም ጨምሬበታለሁ። የምልከውን ሳልልክ እገለብጠዋለሁ፣ የሚመጣልኝን ከጎኑ እለጥፈዋለሁ። በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ለማለት እንዳይመቸኝ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባሕር ማዶ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት አለፋት። ያደገችው እዚሁ ጆንያ መሃል ነው። በልጅነቷ ነቀዝ በክብሪት ቀፎ እያኖረች «ይኼኛው ዛሬ አልበላም» እያለች ስላስቸገረችን ነቀዟ አልናት። ዛሬም ሥራዋ ያው ነው፤ የክብሪት ቀፎው ብቻ ጠርሙስ ሆኗል። በምትሠራበት የምርምር ተቋም ከእሷ በፊት የገቡ ሴቶች ብልቃጥ አጣቢዎች ነበሩ። በራሷ ስም ምርምር የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። የምትፈልገው ነቀዝ የማይደፍረው ስንዴ ነው። ቢገኝ መድኃኒት ሳይነካው ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል።

እኔ በየዓመቱ አንድ አዲስ ዓይነት ዘር ፈልጌ በመጋዘኑ ጥግ ያለውን በርሜል እሞላለሁ፣ በየወሩም ሁለት ሁለት ኪሎ እልክላታለሁ። ያ በርሜል መድኃኒት ነክቶት አያውቅም። ስትሄድ አባቴን አስምላዋለች፤ አባቴ ሲሞት መሐላው ወደ እኔ ዞረ።

ስልክ አለን። ግን በስልክ ሁለታችንም «ደህና» ብለን እንዘጋለን። ቁም ነገሩ የሚሄደው ከስንዴው ጋር በፖስታ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።


መስከረም 12 (ጥቅምት 2 ደረሰ)

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሳይገባ ጤናና ሰላም ቀድመውት ቤትዎ ይግቡ። የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእናቴ አያንብቡላት።

የምሠራበትን ክፍል ጽፌልዎት አላውቅም። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ነቀዝ ሙቀት ስለሚወድ በጋም ክረምትም እኩል ይሞቃል። አራት መቶ ሃያ ጠርሙስ በስድስት መደርደሪያ ተደርድሯል። እያንዳንዱን እከፍታለሁ፣ የሞተውን እቆጥራለሁ፣ ያለውን እቆጥራለሁ፣ እከድናለሁ። አንድ ቀን ካመለጠኝ የወሩ ቆጠራ ስለሚበላሽ እሑድም አለሁ፣ ሲያመኝም አለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እስከ ዛሬ «ዕቃ ማጠቢያ» ይላል። እንዲቀየር ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከላይኛው ፎቅ የወረደ ሰው የቆሸሸ ብልቃጥ አስቀምጦልኝ «ለነገ ይድረስልኝ» ብሎ ወጣ። አጠብኩለት። ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም።

እስካሁን ከእርስዎም ከሌላም የመጣ ሠላሳ አራት ዓይነት ስንዴ ሞክሬያለሁ። ነቀዝ አንዱንም አልናቀም። ውሌ በሰኔ ያልቃል። ሰሞኑን አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሁኚልን ብሎኛል። ክፍሉን አይቼዋለሁ፤ አራት ትልልቅ መስኮቶች አሉት። ረጅም ዕረፍት ስላለው በየዓመቱ መጥቼ እናቴን ማየት እችላለሁ። እስከ የካቲት መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ።

እትዬ፣ እርስዎ ያንን መጋዘን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እንዴት ነው የሚከፍቱት? የሚያበረታኝ አንድ ነገር ይንገሩኝ።

ነቀዟ


ጥቅምት 5

ለእህቴ ለነቀዟ፣

ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ ለቆጠራ የሚያስፈልገው ዓይን ነው። እናትሽ ደህና ናት። መጋዘኑ በር ላይ ወንበሯን አድርጋ የገባ የወጣውን ትቆጣጠራለች፤ ከእኔ መዝገብ የእሷ አፍ ይበልጣል። ደብዳቤሽን እስከ «ደህና ነኝ» ድረስ አነበብኩላት። «አጠረሳ» አለችኝ። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳት። «እሷ ልጅ ሆና ስለ አንድ ነቀዝ ግማሽ ቀን ታወራ ነበር» አለች።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መክፈት እፈልግ እንደሆነ ጠዋት ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ጠዋት ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው፤ ሰነፍን ካማከርሽው ተኚ ይልሻል። እኔ የመጋዘኑን ቁልፍ ከጫማዬ ውስጥ ነው የማሳድረው። ሳጠልቀው ይቆረቁረኛል። ቁልፉን ካወጣሁት ደግሞ በእጄ ይዤው ምን ላደርግ? ሄጄ እከፍታለሁ።

ፍላጎት እንግዳ ነው። ሲመጣ ወንበር ይሰጠዋል፣ እስኪመጣ ግን ሥራ አይቆምም። አንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይመጣም። እኔ ስምንት መቶ ጆንያ አላይም፤ ስምንት መቶ ያየ ሰው ሳያነሳ ወገቡ ይቆረጣል። ከፊቴ ያለውን አንዱን አያለሁ። አንቺም አራት መቶ ሃያ ጠርሙስ አትቁጠሪ፤ አንድ ጠርሙስ አራት መቶ ሃያ ጊዜ ቁጠሪ።

ትምህርት ቤቱን ያዢ ወይም ተይ አልልሽም። ግን አንድ ነገር አውቀሽ ስሚኝ። እኔም ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ ነበርኩ። አባቴ ወገቡን ሲያመው «ለአንድ ሳምንት ያዢልኝ» ብሎ ነው ቁልፉን የሰጠኝ። ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም። ከዚህ ቤት አንዷ እንኳ የጀመረችውን ትጨርስ ብዬ የምመኝ እኔ ነኝና፣ ሚዛኔ ወደዚያ ማጋደሉ አይቀርም።

ዘንድሮ በርሜሉን በቀይ ስንዴ ሞልቼዋለሁ፤ ደቃቃ ነው፣ ጠንካራ። የሸጠልኝ ሽማግሌ «አያቴ ይዘራው የነበረ ዘር ነው» አለኝ። ገበያ ላይ ሁሉም ሻጭ እንዲህ ይላል። እሱ ግን ሲናገር እኔን አላየኝም፣ ስንዴውን ነው ያየው። በወሩ መጨረሻ ሁለት ኪሎ እልክልሻለሁ።

ያበርታሽ።

እትዬሽ


ጥቅምት 19፣ ከመዝገቤ

ከትናንት በስቲያ የመጋዘን ተቆጣጣሪው መጣ። ወንፊቱን በብብቱ ይዞ የሚዞር ሰው ነው። ከግድግዳ ላይ አንድ ነቀዝ በጣቱ አንስቶ «ይኼ የማን ነው?» አለኝ። «የራሱ ነው» አልኩት። አልሳቀም። መጋዘኑን በሰባት ቀን ካላጸዳሁ በሩን ሊያሽገው ነው።

የነቀዝ ዱቄት መድኃኒት አስመጥተን ከትናንት ጀምሮ በጆንያዎቹ ላይ ስንበትን ዋልን። ዛሬ ከሰዓት ወደ ጥጉ ስንደርስ ተሸካሚያችን ዝምታው ቆመ። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ያለ ሽበታም ሰው ነው፤ ቃል ስለማያባክን ነው እንዲህ ያልነው።

«የነቀዟስ?» አለ በርሜሉን እያየ።

«ክዳኑን ግጠመው» ልል ነበር። ግን ተቆጣጣሪው ወንፊቱን እዚያም መክተቱ አይቀርም። አንድ ነቀዝ ቢያገኝ በሩ ይታሸጋል፣ በሩ ከታሸገ ስምንት ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ዱቄቱን ተቀብዬ በርሜሉ ውስጥ በገዛ እጄ በተንኩት፣ በአካፋም አማሰልኩት። ከሽማግሌው ሌላ ንጹህ ስንዴ አምጥቼ እተካዋለሁ ብዬ ነው።


ጥቅምት 28፣ ከመዝገቤ

ወደ ሽማግሌው የሚወስደውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል። የመላኪያው ቀን ደረሰ። ከበርሜሉ ሁለት ኪሎ አውጥቼ ሁለት ጊዜ በወንፊት ነፋሁት። እፍ አልኩበት፣ በመዳፌ አሸሁት፤ ዱቄት አይታይም። ዕድሜዬን ሙሉ ስንዴ ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በወንፊት የማይለይ ነገር አላውቅም። ላክሁት።


ታኅሣሥ 20 (ጥር 10 ደረሰ)

እትዬ፣

ሰላምታው ይቆየኝ፤ በሚቀጥለው እጥፍ አድርጌ እክሳለሁ።

ቀዩ ስንዴ ከገባ በዘጠነኛው ቀን ከሃምሳ ነቀዝ አርባ ስድስቱ ሞቱ። ነቀዞቹ ታመውብኝ ይሆናል ብዬ ሌላ አስገባሁ። ሞቱ። ለሦስተኛ ጊዜ ከሌላ መደርደሪያ፣ ከሌላ ጠርሙስ አምጥቼ አስገባሁ። ሞቱ። እንቁላል እንኳ አልጣሉም። ስንዴው ላይ አንድ ቀዳዳ የለም።

እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት ጠርሙሱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስቄያለሁ። በዚህ ክፍል ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አሁን በደንብ ያንብቡኝ። ይህንን ስንዴ መድኃኒት ነክቶታል? በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። በርሜሉን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ እኔም የማምነው እርስዎን ነው። አልነካውም ካሉኝ ትምህርት ቤቱን እተዋለሁ። ነክቶታል ካሉኝ ጠርሙሶቹን አጥቤ እወጣለሁ። ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ነቀዟ


ጥር 24፣ ከመዝገቤ

ደብዳቤዋ ከመጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። አምስት መልስ ጽፌ ቀድጃለሁ። ከጥቅምቱ በኋላ ስንዴም አልላክሁላትም።

ነገሩን እንደ ነጋዴ አሰብኩት። «ነክቶታል» ብላት የማለላትን የአባቴን ቃል አጥፍቻለሁ፣ ያውም ለወንፊት ፈርቼ። እሷም ትወጣለች። ስድስት ዓመቷ በእኔ እጅ ያልቃል። «አልነካውም» ብላት ትቀጥላለች። በመሃል ድልድዩ ይሠራል፣ ንጹሁ ስንዴ ይሄዳል። ምናልባትም ስንዴው ራሱ ጠንካራ ይሆናል፤ ዱቄቱን እኮ ነፍቼዋለሁ። ደግሞ «የሚያበረታኝ አንድ ነገር ይንገሩኝ» ያለችው እሷ ናት።

ዛሬ ዝምታው ሚዛኑን ሲያጸዳ ጠየቅሁት።

«አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ?»

«እኔ ደብዳቤ አልጽፍም፣ እትዬ።»

«ብትጽፍስ?»

«አባትዎ ለሚዛን አንድ ቃል፣ ለዘመድ ሌላ ቃል አልነበራቸውም።»

«ዝምታ ብለው ስም ያወጡልህ ሰዎች አያውቁህም» አልኩት።

«እርስዎ ነዎት ያወጡልኝ» ብሎ ጨርቁን አራግፎ ሄደ።


ጥር 29

ለእህቴ ለነቀዟ፣

የጀመርሽው ይመርልሽ፣ በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ። እናትሽ ጤና ናት፤ ጉልበቷን ትንሽ ይይዛታል። ድልድያችንን ጎርፍ ወስዶት ነበር፣ አሁን እየጠገኑት ነው። ዝምታው አዲስ ኮፍያ ገዝቶ ማንም እንዳያየው በኪሱ ይዞት ይዞራል። ለጠየቅሽኝ፣ አልነካውም። ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ አንድም ነቀዝ ሳያገኝ አዝኖ ሄደ። አንቺም በርቺ፣ የያዝሽውን አጥብቀሽ ያዢ። ቁልፍሽን ጫማሽ ውስጥ አድርጊው።

እትዬሽ


የካቲት 26 (መጋቢት 17 ደረሰ)

ለምወድዎት እትዬ፣

የቀረብኝን ሰላምታ እነሆ በእጥፍ፤ ከእግር እስከ ራስዎ ደስታ ይልበሱ፣ ያሰቡት ሁሉ ሳይለምኑ ይምጣልዎ።

ቃልዎ ደረሰኝ። በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ «አልመጣም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ለኃላፊው ነገርኩት። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃውን ወርዶ ምድር ቤቴን አየ፤ «እዚህ ሰው ይሠራል?» አለኝ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በሁለት ቀን ተቀየረ። አሁን ስሜ አለበት። አጣቢዎቹ ተራ በተራ መጥተው አንብበውት ሄዱ፤ አንዷ በጨርቋ ወለወለችው።

በሚያዝያ 25 ትልቅ ጉባኤ አለ። ከዚህ ሕንፃ ሴት ቆማበት አታውቅም። እኔ እቆማለሁ።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ውጤቱ ወደ ሌላ እንዳይሄድ ብለው ወረቀት አስፈርመውኛል። ለሦስት ዓመት ሌላ ቦታ መሥራት አልችልም፣ ከአገርም መውጣት አልችልም። በሩ ላይ ጠባቂ አለ፤ ስገባ ስወጣ ቦርሳዬን ይፈትሻል። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ግን በሩን ከውጭ ነው የሚዘጋው። ድሮም አልወጣም ነበር፤ ያኔ ግን ቁልፉ የራሴ ነበር። ለእናቴ በዘዴ ይንገሯት፤ ሦስት ዓመት እንደ ምንም ያልፋል ይበሉልኝ።

ለጉባኤው ከዚያው ቀይ ስንዴ ሃምሳ ኪሎ ያስፈልገኛል፤ ሰዎቹ በዓይናቸው ሊያዩት፣ ራሳቸውም ሊሞክሩት ይፈልጋሉ። በፍጥነት ይላኩልኝ።

እትዬ፣ ያበረቱኝ እርስዎ ነዎት። ስናገር ስምዎን ባልጠራም «አንዲት ነጋዴ ዘመዴ» እላለሁ።

ነቀዟ


መጋቢት 28፣ ከመዝገቤ

ድልድዩ ተሠርቷል። ከሽማግሌው ሃምሳ ኪሎ ንጹህ ቀይ ስንዴ አምጥቻለሁ፤ ጥጉ ላይ ቆሟል። ከጎኑ የዱቄቱ ጣሳ አለ።

ንጹሁን ብልክ በሰው ፊት ነቀዝ ይበላዋል፣ እሷም ምክንያቱን ሳታውቅ ትዋረዳለች። ዱቄት ነክቼ ብልክ ውሸቴ ከሁለት ኪሎ ወደ ሃምሳ ኪሎ ያድጋል። ባልልክ ትጠይቀኛለች። በሦስቱም በኩል ግድግዳ ነው። የመጋዘኑ አንድ መስኮት በጆንያ እንደተደፈነ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት፤ እኔ ነኝ ያስደፈንኩት፣ ለቦታ ብዬ።

ሦስት ጊዜ ወደ ማደሪያዋ ደወልኩ። ሁለቱን አልነበረችም። በሦስተኛው አነሳች። «እትዬ» ስትል ድምፁ የልጅነቷ ነበር። «ደህና ነሽ?» አልኳት። «ደህና ነኝ» አለች። ዘጋሁት።

ጣሳውን ከፍቼ ስንዴው ላይ ይዤ ቆሜ ሳለ አክስቴ ከወንበሯ ተጣራች።

«ልጄ ምን ትላለች? መቼ ትመጣለች?»

«ሦስት ዓመት፣ አክስቴ። እንደ ምንም ያልፋል።»

«ለአንቺ ሦስት ዓመት ሦስት መዝገብ ነው። እኔ በዚህ ወንበር ላይ ስንት ቀርቶኛል?» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ግዴለም፤ ይሁን። ስንዴውን አግኝታዋለች ብለሽ የለም? ለከንቱ እስካልሆነ ድረስ እችለዋለሁ» አለች።

ጣሳውን ከደንኩት።


መጋቢት 30

ለአክስቴ ልጅ፣

ምርቃት አልጽፍም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አይሄድም።

መድኃኒት ነክቶታል። ጥቅምት 19 በርሜሉ ውስጥ የበተንኩት እኔ ነኝ፣ በእጄ። ተቆጣጣሪው በሩን እንዳያሽግብኝ ፈርቼ ነው። የመላኪያው ቀን ሲደርስ ሌላ ስንዴ ስላልነበረኝ ሁለት ጊዜ በወንፊት ነፍቼ ላክሁልሽ። በወንፊት የሚለቅ መስሎኝ ነበር። ይህኛው ስህተት ነው።

«አልነካውም» ብዬ የጻፍኩት ግን ስህተት አይደለም። እያወቅሁ ነው። እንዳትወጪ ፈልጌ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው ብዬ ነበር፤ ስመዝነው ግን ለራሴም ብዬ ነው።

ከዚህ ጋር ያለው ሃምሳ ኪሎ ከዚያው ሽማግሌ የመጣ ነው፣ ምንም አልነካውም። እንድታምኚኝ አልጠይቅም።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ንገሪያት ካልሽኝ እነግራታለሁ።

እትዬሽ


ግንቦት 18፣ ከመዝገቤ

መልስ የለም። የጉባኤው ቀን አልፏል። ደብዳቤዬ ቀድሞ ይድረስ፣ ወይም ዘግይቶ፣ የማውቀው ነገር የለም። ፖስታ ቤት ያለችው ጸሐፊ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች፤ መስኮቷ ጋ ሳልደርስ እመለሳለሁ። ቁልፉ ጫማዬ ውስጥ ነው። ይቆረቁራል። እከፍታለሁ።


ግንቦት 30 (ሰኔ 20 ደረሰ)

እትዬ፣

ደብዳቤዎ ሚያዝያ 21 ደረሰኝ፤ ለጉባኤው አራት ቀን ሲቀረው። አብሮት የመጣውን ሃምሳ ኪሎ አልከፈትኩትም።

ከመጀመሪያው ስንዴ ያስቀረሁትን በአልኮል አጠብኩት። እጣቢውን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ አደረቅሁትና ሃያ ነቀዝ አስገባሁ። በማግስቱ ሃያውም በጀርባቸው ነበሩ። ይህ ሙከራ የሚፈጀው አንድ ቀን ነው። በታኅሣሥ ላደርገው እችል ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያደርገዋል። አላደረግሁትም፤ ጠርሙሱን መጠየቅ ሲገባኝ ዘመዴን ጠየቅሁ። የእርስዎ ድርሻ የእርስዎ ነው፣ ይኼኛው የእኔ ነው።

ለኃላፊው ነገርኩት። «የመጀመሪያ ምልክት ብለሽ ተናገሪ፤ ምልክት ማለት ውሸት አይደለም» አለኝ። ቆምኩ። ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ነበር። ስንዴው መድኃኒት የነካው መሆኑን፣ ማጣራት የነበረብኝ እኔ መሆኔን ተናገርኩ። አራት ደቂቃ ፈጀ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጠየቀም። ስወርድ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ቦርሳውን አስቀምጦበት ነበር።

የፈረምኩት ወረቀት ግን አልፈረሰም። አስፈላጊ አይደለሽም ብለው እንኳ አይለቁኝም፤ የተፈረመ ተፈርሟል። ጠዋት ጠዋት ከአጣቢዎቹ ጋር ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ከሰዓት ጠርሙሶቼ የራሴ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሌላ ሰው ይዟል። ስሜን ከበሩ ላይ ሊያነሱት መጥተው ነበር፤ ያቺ የወለወለችው አጣቢ «ሙጫው አይለቅም» አለቻቸውና ተዉት። ሙጫ የለውም፣ በሁለት ብሎን ነው የታሰረው።

እናቴን እኔ እነግራታለሁ፣ በስልክ፣ «ደህና» ሳልል።

እርስዎን የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ አያበረታቱኝ። ምክርም ምርቃትም አይላኩልኝ። ንጹህ ስንዴ ይላኩልኝ፣ በከረጢቱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉበት፤ ከየትኛው ዕቃ እንደወጣ፣ ምን እንደነካው፣ ውስጡ ያለው ነቀዝ በሕይወት መኖሩን። ነቀዝ በሕይወት ካለበት አምነዋለሁ። ሌላ ቃል አልፈልግም።


ሰኔ 25፣ ከመዝገቤ

ከታች ስም አልጻፈችም። ገጹን ገልብጬ ሁሉ አየሁ።

አሮጌውን በርሜል አስወጥቼ አስቀጠቀጥኩት። አዲስ በርሜል ገዝቼ፣ ከሽማግሌው እንደገና ቀይ ስንዴ አምጥቼ ሞላሁት፣ ከጎረቤታችን ከእህል ደላላው መጋዘን ሠላሳ የሚሆን ነቀዝ ለምኜ አስገባሁበት። ደላላው «እኔ ለማጥፋት እከፍላለሁ፣ አንቺ ትለምኛለሽ፤ ደህና አይደለሽም» አለኝ።

ወደ መጋዘኑ ተቆጣጣሪው ይመላለሳል። ስለዚህ በርሜሉን ወደ መኖሪያ ቤቴ አስወሰድኩት። ሌላ ቦታ ስላልነበረ መኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ ከአልጋዬ ግርጌ ነው ያለው። ዝምታው ተሸክሞት ገብቶ ዙሪያውን አየ።

«ይወጣሉ እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«አልጋው ላይ ይመጣሉ።»

«ይምጡ።»

ኮፍያውን ከኪሱ አወጣ፣ አደረገውና ሄደ።


ሰኔ 28፣ ከከረጢቱ የተገለበጠ

ከአዲሱ በርሜል፣ ከመኝታ ክፍሌ። ምንም አልነካውም፣ ክዳኑን የምከፍተው እኔ ብቻ ነኝ። በአንድ ወንፊት አሥራ አንድ ነቀዝ፤ ሁሉም በሕይወት።


ሐምሌ 27፣ ከከረጢቱ የተገለበጠ

ከአዲሱ በርሜል። ምንም አልነካውም። በአንድ ወንፊት አርባ ሦስት፤ በሕይወት። ትራሴ ላይ ሁለት፤ በሕይወት።


ነሐሴ 27፣ ከከረጢቱ የተገለበጠ

ከአዲሱ በርሜል። ምንም አልነካውም። መቁጠር አቃተኝ፤ በሕይወት።


ጥቅምት 2፣ ከመዝገቤ

የሰኔው ከረጢት ባዶውን ታጥቦ፣ ታጥፎ ተመልሶ መጣ። ደብዳቤ የለውም። ውስጡ ከጠርሙስ ላይ የተላጠ ትንሽ ወረቀት አለ። እዚህ እለጥፈዋለሁ።

«ቀይ ስንዴ፣ ሠላሳ አምስተኛ ዓይነት። በአርባ አምስት ቀን ሙሉ በሙሉ ተበላ። ሠላሳ ስድስተኛውን ይላኩ። ነቀዟ»